ኳሷ ወደሌለችበት የሄደ እጅ

ጡረታ የወጣሁ ጊዜ የሥራ ባልደረቦቼ ትንሽ ድግስ ቢጤ አዘጋጅተው፣ ትከሻዬ ላይ አዲስ ጋቢ ጣል አድርገው ከፊት አስቀመጡኝ። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ከወጣቶቹ መምህራን አንዱ ብድግ አለና፣ «እትዬ ዘሃራ፣ በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመን እጅግ የከበደዎት ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ጦርነቱ እንድናገር ነበር የጠበቁት፤ አንዳንዱማ ፊቱን ለሐዘን አዘጋጅቶ ነበር። እኔ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ኢንቴንሽናል ፋውል» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ እንጂ ቀልዴን አልነበረም። ሰው በስህተት ሲያጠፋ መለየት ቀላል ነው። ሆን ብሎ ያጠፋውን ከተሳሳተው መለየት፣ ለይቶም በሺህ ሰው ፊት መናገር፣ የሕይወቴን ግማሽ የበላ ሥራ ነው። ልጆቹ ሲስቁ አይቼ፣ ይኼን ነገር አንድ ቀን ቁጭ ብዬ መጻፍ አለብኝ አልኩ።

የተወለድኩት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው። የስፖርት መምህርት ነበርኩ፤ እንጀራዬ እሱ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር ላይ ዳኛ ነበርኩ። አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ዳኛ ሆንኩ ያልኩት ጊዜ ደስታውን አልቻለውም፤ ፍርድ ቤት መስሎት ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ። «ልጄ ከእንግዲህ የወሎን ክርክር ትጨርሳለች» ይል ነበር አሉ። በኋላ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ፣ በሰፊ ሱሪ ሜዳ ላይ ስሮጥና ፊሽካ ስነፋ መጥቶ አየኝ። እስኪያልቅ ቆሞ አየ። ቤት ስንገባ ለእናቴ፣ «ዳኛም አይደለች፤ ትራፊክ ናት» አላት።

መጀመሪያ የተመደብኩት አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ከእኔ በፊት የነበሩት የስፖርት መምህር ጋሽ ታፈሰ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ገና በጎልማሳነታቸው የሸበቱ የአምባሰል ሰው ናቸው። በአካባቢው የኮሌጅ ጨዋታ ሲኖር ዋናው ዳኛ እሳቸው ነበሩ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ቅርጫት ኳስ እጫወት እንደነበር ሲሰሙ፣ «መጫወት የምትችል ሰው መዳኘት ካልተማረች ኃጢአት ነው» ብለው ይዘውኝ መዞር ጀመሩ።

የጋሽ ታፈሰ ልማድ ብዙ ነው። ጨዋታ ሳይጀመር የሜዳውን መስመር ዙሪያውን በቀስታ ይዞሩታል፤ የሚያንሸራትት ቦታ እንዳለ በጫማቸው እየፈተሹ፣ የአምባሰልን ዜማ በአፍንጫቸው እያንጎራጎሩ። ተጫዋቾቹን በቁጥራቸው አይጠሩም። አስቀድመው ይሄዱና ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ይጠይቋቸዋል። «በስሙ የጠራሽው ልጅ ሲያጠፋ ያፍራል፤ ቁጥር ግን አያፍርም» ይሉ ነበር። ፊሽካቸውን ደግሞ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አያውቁም፤ አፋቸው ውስጥም አይዙትም። መዳፋቸው ውስጥ ነው የሚኖረው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «አፍሽ ውስጥ ካለ ሳታስቢ ትነፊዋለሽ። ከእጅሽ ተነሥቶ አፍሽ እስኪደርስ ግን ትንሽ ታስቢያለሽ» አሉኝ።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ያለ ፊሽካ ነው። ልጆች ሲለማመዱ ጎኔ ይቆሙና የማየውን ጮክ ብዬ እንድናገር ያዙኛል። «እጅ! ክርን! ትከሻ! ወገብ!» እያልኩ ስለፈልፍ ተማሪዎቹ ያበድኩ መስሏቸው ይስቁ ነበር። ዐይኔ ኳሷን ከተከተለ ጋሽ ታፈሰ ወዲያው ያውቃሉ።

«ዘሃራ፣ ኳሷን ምን አድርጊ ብለሽ ነው የምታይዋት?»

«ጨዋታው እሷ ጋ ነው ብዬ ነዋ።»

«ኳስ ሰው አትመታም። የሚማታው ሰው ነው፤ እሱን እይ።»

ፊሽካ የተሰጠኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከተሰጠኝም በኋላ ቶሎ አላረፍኩም። አንድ ጊዜ ደሴ ላይ ሁለት ኮሌጆች ሲጋጠሙ ዳኘሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። የተመራው ቡድን አሰልጣኝ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «ፋውል ሥሩበት! ሰዓቱን አስቁሙት!» እያለ ይጮኻል። ከልጆቹ አንዱ ሮጦ ኳስ ወደያዘው ተጫዋች ሄደና እጁን መታው። እኔ በዐይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬም ሰምቻለሁ፤ አሰልጣኙ እኮ በአደባባይ አዟል! ከዚህ የበለጠ ሆን ተብሎ የተሠራ ጥፋት ምን ሊኖር ነው? ፊሽካዬን ነፋሁና ሁለት እጄን ከራሴ በላይ አንሥቼ አንዱን አንጓ በሌላው ጨበጥኩ። የኢንቴንሽናል ምልክቱ ይኼ ነው። ቅጣቱ ሁለት ነጻ ውርወራ፣ እሱ ሲያልቅ ደግሞ ኳሷም ለተበደለው ቡድን ትመለሳለች። አሰልጣኙ ጃኬቱን አውልቆ መሬት ላይ ጣለውና ቆመበት።

ጋሽ ታፈሰ ሁለተኛው ዳኛ ነበሩ። በሜዳው ላይ ምንም አላሉኝም። ከጨዋታ በኋላ ሐይቅ ወርደን ዓሣ መብላት ልማዳችን ነው። እኔ ሙስሊም፣ እሳቸው ክርስቲያን፤ ሥጋ ቢሆን ሁለት ቤት እንለያይ ነበር። ዓሣ ግን ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅም። ጥብሱ ቀርቦ ጥቂት ከጎረስን በኋላ ጀመሩ።

«ያን ልጅ ለምን ኢንቴንሽናል ሰጠሽው?»

«አሰልጣኙ ፋውል ሥሩ ሲል ሰምቼዋለሁ።»

«ሰማሽ። ምን አየሽ?»

«እጁን ሲመታው።»

«ኳሷ የት ነበረች?»

መለስ ብዬ አሰብኩ። ኳሷ እዚያው እጁ ላይ ነበረች።

ጋሽ ታፈሰ እጃቸውን ሰደዱና ከእኔ በኩል ካለው ዓሣ ትልቁን ቁራሽ ሊያነሡ ሲሉ ጣቴን መቱኝ። «ይኼ ምንድን ነው?» አሉ።

«ዓሣዬን ሊወስዱ ነው!»

«ዓሣውን ፈልጌ ዘገየሁ፤ ጣትሽን አገኘሁ። ተራ ፋውል ነው። እስቲ አሁን ዳቦውን አንሺ።»

ዳቦው ወዳለበት እጄን ስዘረጋ፣ ከጠረጴዛው ዞረው መጡና ከኋላዬ ሹራቤን ጨብጠው ወደ ወንበሬ መለሱኝ። የዓሣ ቤቱ ባለቤት ደንግጦ፣ «ኧረ ጋሽ ታፈሰ፣ በሰላም ነው?» አለ።

«ይኼስ?» አሉኝ ሹራቤን ሳይለቁ።

«ይኼማ ኢንቴንሽናል ነው!»

«በቃ! ዳቦው ወዲያ ነው፤ የእኔ እጅ ወዲህ ነው። ሰዓት ለማስቆም ፋውል መሥራት የጨዋታው አንድ ብልሃት ነው፣ ዋጋውንም ይከፍሉበታል። ኳሷን ፈልጎ እስከሄደ ድረስ አሰልጣኙ ቢያዝም ባያዝም ተራ ነው። ኳሷን ትቶ ሰውየውን ሲይዝ ግን መጫወቱን ትቷል።»

ነገሩ ገባኝ፤ አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። «ጋሽ ታፈሰ፣ የሕጉ መጽሐፍ ሆን ብሎ ነው የሚለው። እኛ ዘንድ ሥራ ሁሉ በኒያ ነው። ኒያ ደግሞ የልብ ሐሳብ ነው፤ አላህ እንጂ ሰው አያየውም። እኔ ምን ሆኜ ነው በሰው ልብ ላይ የምፈርደው?»

ወሎ ያደጉ ናቸውና ኒያ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «ኒያውን ለፈጣሪው ተይለት» አሉኝ። «አንቺ እጁ ወዴት እንደሄደ ብቻ እይ።»

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሕጉ መጽሐፍ ራሱ ስሙን ቀየረ፤ ስፖርታዊ ያልሆነ ጥፋት አለው። ጋሽ ታፈሰ ሲያነቡት፣ «አየሽ፣ እነሱም ልብ ውስጥ መግባት ሰለቻቸው» ብለው ሳቁ። ተጫዋቹም ሕዝቡም ግን ዛሬም ድረስ ኢንቴንሽናል ነው የሚለው።

ከዚያ ወደ ሐይቅ ተዛወርኩ። እህል ነጋዴ የሆነውን አሊን አገባሁ፤ ልጆች ወለድን። አሊ ደግ ሰው ነው፤ ጨዋታዬን ግን አንድም ቀን መጥቶ አይቶ አያውቅም። «ሰው ሚስቱ ስትሰደብ ቁጭ ብሎ አያይም» ይላል። ስለ ስድቡ አላጋነነም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴት ዳኛ ሲያዩ፣ «ወደ ጓዳሽ ግቢ» የሚሉ ነበሩ። አንዱ አለቃዬ ደግሞ የወንዶች ጨዋታ ይከብድሻል ብሎ ለሁለት ዓመት የጠረጴዛ ሰዓት ያዥ አደረገኝ። እሱ ተዛውሮ በቦታው የመጣው ሰው ስለ ሴትም ስለ ወንድም ግድ የሌለው፣ ዳኛ ጠፍቶ ጨዋታ እንዳይቀርበት ብቻ የሚጨነቅ ነበር፤ ፊሽካዬን የመለሰልኝ እሱ ነው። እያደር ሰዉም ለመደኝ። ባጃጅ ተሳፍሬ ስሄድ ሹፌሩ ዞር ብሎ፣ «እትዬ፣ የቅዳሜው እኮ ፋውል አልነበረም» ሲለኝ፣ ሰው መሆኔን ያን ጊዜ አወቅኩ።

ለውጥ መጣ የተባለ ሰሞን መጀመሪያ ደስታ ነበር፤ ሰዉ ተቃቅፎ ያለቅስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን በየኮሌጁና በየዩኒቨርሲቲው ተማሪው፣ «እሱ የእነማን ወገን ነው?» መባባል ጀመረ። ነገሩ ሜዳችን ድረስ መጣ። ድሮ ሕዝቡ የሚጮኸው ለኮሌጁ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ለሌላ ነገር መጮህ ጀመረ። ጋሽ ታፈሰ ጡረታ ወጥተው ውጫሌ ጓሯቸውን ይኮተኩታሉ። ዋና ዳኛ እኔ ሆኛለሁ።

ከተማውንም ኮሌጆቹንም አልጠራም። የማጠቃለያ ጨዋታ ነበር። ከአንደኛው ቡድን ኡመር የሚባል ልጅ ነበር፤ ከአርዲቦ በኩል የመጣ የገበሬ ልጅ፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ኳስ ሲያነጥር ድምፁ የማይሰማ። ገና በጊዜ ኳስ ነጠቀና ብቻውን ወደ ቅርጫቱ ሮጠ። ከፊቱ ማንም የለም። የተቃራኒው ቡድን ረጅሙ ልጅ ከኋላ ደረሰና በሁለት እጁ ጀርባውን ገፋው። ኡመር በደረቱ ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋ።

ኳሷ ከፊት ነበረች፤ እጁ የሄደው ጀርባ ላይ ነው። ሕፃን የሚያውቀው ኢንቴንሽናል ነው። ፊሽካዬን ነፋሁ። ሕዝቡ እንደ ማዕበል ተነሣ፤ በአንድ በኩል ኡኡታ፣ በሌላ በኩል ፉጨት። እጄን ልጨብጥ ወደ ላይ ካነሣሁ በኋላ አሰብኩ፤ ይኼን ብሰጥ እነዚያ ይነሣሉ፣ ሜዳው ይቃጠላል። አንድ እጄን አወረድኩና ተራ ፋውል ሰጠሁ። ሁለተኛው ዳኛ ዐይን ዐይኔን አየኝ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የኡመር ጓደኛ ያንን ረጅም ልጅ በክርኑ አለው። እሱንም ተራ ሰጠሁት። ሚዛን የጠበቅኩ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ከእጄ ወጣ። ፊሽካ እነፋለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። በመጨረሻ ኡመር ለማግባት ወደ ላይ ሲዘል ከሥሩ ገቡበት። በእጁ ላይ ወደቀ። አንጓው ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ተቀማጭ ተጫዋቾች ሜዳ ገቡ፣ ከዚያ ሕዝቡ፣ ከዚያ ድንጋይ መጣ። ፖሊስ በር ከፍቶ አስወጣን። ጨዋታው አልተጨረሰም፤ ውድድሩም በዚያው ቀረ።

ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኩት። እናቱ ወይዘሮ ፋጡማ ራስጌው ተቀምጣለች፤ እኔን ስታይ ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። «አብሽሪ እህቴ፣ እጅ ነው፤ ይድናል። ነፍሱ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። አጽናኚዋ እሷ፣ የምጽናናው እኔ። ኡመር ግን እንደ ተጫዋች አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ።

«እትዬ ዘሃራ፣ የመጀመሪያው ኢንቴንሽናል አልነበረም?»

«ነበር» አልኩት።

«እኔም መስሎኝ ነበር» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ ውጫሌ ሄድኩ። ጋሽ ታፈሰ ጎመን ሲያጠጡ አገኘኋቸው። አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ውኃ መቅጃውን መሬት አስቀምጠው ሰሙኝ።

«ለምን ተራ ሰጠሽ?»

«ሕዝቡ እንዳይነሣ ብዬ።»

«ቀረልሽ? አልተነሣም?»

«ተነሣ።»

«ሕዝብ በዳኛ ቢቆጣ አይከፋም፤ ተቆጥቶ ቤቱ ይገባል። የሚከፋው ዳኛ የለም ያለ ጊዜ ነው። ያ ልጅ ሲገፋ ጓደኞቹ ሁሉ ዞር ብለው አንቺን አይተዋል። አላገኙሽም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ለራሱ ዳኛ ሆነ።»

አለቀስኩ። አስጨረሱኝና፣ «በይ ነይ፣ ሽሮ አለ። ቅዳሜ የት ነው የምትዳኚው?» አሉኝ።

«ከእንግዲህ አልዳኝም።»

«እና ማን ሊዳኝ ነው? እኔ በዚህ ጉልበቴ?» ብለው ሱሪያቸውን ሰብስበው ያበጠ ጉልበታቸውን አሳዩኝ። ጉልበታቸው እውነትም የሚያሳዝን ነበር። እያለቀስኩ ሳቅኩ። ቅዳሜውን የትምህርት ቤት ልጆችን ዳኘሁ።

የኡመር እጅ ዳነ፤ ግን ጠምዘዝ ብሎ ነው የዳነው። እንደ ድሮው መወርወር አልቻለም። ትምህርቱን አቋርጦ እንደ ብዙ የሰፈሩ ልጆች በባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ገባ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሐይቅ ሲደርስ እኔና አሊ ልጆቻችንን ይዘን፣ የያዝነውን ይዘን፣ ወደ አርዲቦ በኩል በእግር ወጣን። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። አንዲት ሴት ከአጥሯ በር ላይ ቆማ መንገደኛውን ውኃ ታጠጣለች። ጎንበስ ብዬ ጣሳውን ስቀበል ለካ ወይዘሮ ፋጡማ ናት።

«ዘሃራ! የልጄ ዳኛ!» አለች። «ወዴት ነው የምታልፉት? አፈር ስሆን ግቡ!»

ገባን። እስክንመለስ ድረስ እዚያው ነበርን። ከአንድ መሶብ በላን፤ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ አብረን ዱዓ አደረግን፤ ሲርቅ ደግሞ ሥራ ስለማልችል ትቆጣኝ ነበር። «የስፖርት አስተማሪ ነሽ ይሉሻል፣ አንድ ጀሪካን ውኃ ያስለከልክሻል» ትለኛለች። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር ኡመር እናቱ ትኑር ትሙት አያውቅም። መስመር የተከፈተ ቀን የእኔ ስልክ ጮኸ።

«እትዬ ዘሃራ፣ እናቴ... እናቴን ያየ ሰው ያውቃሉ?»

«አጠገቤ ናት» አልኩት። «ጎመን በወፍራሙ ከተፍሽ ብላ እየተቆጣችኝ ነው።»

ከስልኩ ወዲያ ትልቅ ወንድ ሲያለቅስ ሰማሁ። ስልኩን ለእናቱ ሰጥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ሐይቅ ስንመለስ የከተማችን ኮሌጅ ሜዳ የማይታወቅ ሆኗል። የቅርጫቱ ሰሌዳ ለማገዶ ሄዷል፣ ቀለበቱ የለም፣ የስፖርት ክፍሉ ባዶ ነው። ምሰሶዎቹ ብቻ ቆመዋል። ጋሽ ታፈሰም ውጫሌ ደህና መሆናቸውን ሰማሁ፤ «እኔን ትተው ጎመኔን በሉት» አሉኝ በስልክ።

በዓመቱ ኡመርን ከሳውዲ ከሌሎች ጋር መለሱት። ባዶ እጁን መጣ፤ ብየዳ ግን ተምሮ ነበር። መጀመሪያ የሠራልን ቀለበቶቹን ነው። ከውኃ ቧንቧ አጥፎ፣ በዚያች በጠመመች እጁ በይዶ ሰቀላቸው። ልኩን እኔ ቆሜ አረጋገጥኩ። አንደኛው ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የሐይቅ ልጆች ያውቁታል፣ እንግዳ ቡድን ግን ሚስጥሩ አይገባውም። እኔ ደግሞ ዳኛ ነኝና በየጨዋታው አስቀድሜ ለእንግዶቹ እነግራለሁ፤ ለዚህም ኡመር ይናደድብኛል። የኮሌጁን ልጆች ማሠልጠን የጀመረውም ያኔ ነው።

ጡረታዬ ሲቃረብ የኮሌጆቹ ውድድር እንደገና ተጀመረ። የመጨረሻ ጨዋታዬ ሐይቅ ላይ ነበር፤ የኡመር ቡድን ከእንግዳ ኮሌጅ ጋር። ሰው ግንብ ላይ፣ ዛፍ ላይ፣ ባጃጅ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ጋሽ ታፈሰ ምርኩዛቸውን ይዘው በሚኒባስ መጡና የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ጨዋታው እስከ መጨረሻው አንገት ለአንገት ነበር። ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩ የእኛዎቹ በአንድ ነጥብ ተመርተዋል፤ ኳሷ ግን በእጃቸው ናት። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቷል። የእኛ ልጅ ሲያቀብል ከእንግዶቹ አንዱ ነጠቀውና ብቻውን ሮጠ። ሐሰን የሚባለው የኡመር ተጫዋች ከኋላ ደረሰበት። እጁ ኳሷ ጋ አይደርስም፤ ማሊያውን ጨመደደና ወደ ኋላ ጎተተው። ልጁ በጀርባው ወደቀ።

ፊሽካው ከመዳፌ አፌ ደረሰ። ነፋሁ። ሁለተኛው ዳኛ ወጣት ልጅ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ እኔ ተጠጋ። «እትዬ ዘሃራ፣ ተራ ይስጡት። ሕዝቡን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ» አልኩት።

አግዳሚው አጠገብ ኡመር ቆሟል። ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣሁና አንጓዬን ጨበጥኩ።

ጩኸቱ ሜዳውን ነቀነቀው። ሐሰን፣ «ኳሷን ነው! ወላሂ ኳሷን ነው!» እያለ ወደ እኔ ሲመጣ ኡመር መስመሩ ድረስ ሮጦ በክንዱ ያዘው።

«ኳሷን ነክተሃል?»

«ልነካት ነበር!»

«በማሊያው በኩል?» አለው። ኡመር ወደ ሕዝቡ ዞሮ ሁለት እጁን አነሣ፣ ዝም በሉ አለ። ቀና የማይለው አንጓው ከሩቅ ይታያል። ከፊት ያሉት ዝም አሉ፤ ከዚያ ከኋላቸው ያሉት።

እንግዳው ልጅ ሁለቱንም ውርወራ አገባ። ኳሷም ለእነሱ ሆነች። ጨዋታው በዚያው አለቀ፤ ተሸነፍን። ኡመር መጥቶ ጨበጠኝ፣ «የመጨረሻሽን ቀን ልታበላሺ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር» አለኝ። ከሆስፒታሉ ቀን ጀምሮ አንቱ ሲለኝ የኖረ ልጅ ያን ጊዜ አንቺ አለኝ፤ ደስ አለኝ።

ቦርሳዬን ይዤ ከግቢው ስወጣ ግን በሩ ላይ ሕዝብ ቆሟል። ባጃጅ ሹፌሮች፣ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎች። ከመሃል አንድ ጎረምሳ የባጃጅ ሹፌር ወደ ፊት ወጣ።

«እትዬ ዘሃራ፣ መሸነፉስ ይሁን፤ የአላህ ነው» አለ። «ግን አንድ ነገር ያስረዱን። ፋውሉን አይተናል። ሁለት ወረወሩ፣ እሺ። ኳሷን ደግሞ ለምን መለሱላቸው? ሁለቴ ቅጣት አለ እንዴ?»

«አለ!» አለ ሌላው ከኋላ። «ኢንቴንሽናል ነዋ!»

«ኢንቴንሽናል የሚሆነው ሲማታ ነው!»

«አይደለም፣ ከኋላ ሲሆን ነው!»

ከዚያ እኔን ረስተው እርስ በርስ ተያያዙ። አንዱ ጋሽ ታፈሰን አይቶ፣ «እሳቸው ይፍረዱ!» አለ። ጋሽ ታፈሰ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ «እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ» አሉና ጥግ ይዘው ቆሙ። ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ሹፌሩን እንዲሮጥ፣ ጓደኛውን እንዲያሳድደው አደረግኩ። ኳስ ስላልነበረ አንዱ ብርቱካን ሰጠን። መጀመሪያ ጓደኛው ብርቱካኑን ፈልጎ እጁን መታው፤ «ይኼ ተራ!» አሉ ሁሉም። ቀጥሎ ሸሚዙን ከኋላ ያዘና ቁልፉን በጠሰበት። «ኢንቴንሽናል!» ብሎ ሕዝቡ ጮኸ። ቁልፉ የተበጠሰበት ሹፌር፣ «ሁለት ውርወራና ብርቱካኑን አምጡ!» ሲል መንገዱ በሳቅ ተሞላ። አንድ ሽማግሌ ግን አልተዋጠላቸውም፤ ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «እንደ እኔ እንደ እኔ...» ብለው አዲስ ክርክር ከፈቱ።

ከጦርነቱ ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ ሰው ሲሰበሰብ፣ ወሬ ለመስማት ወይም ለቅሶ ለመድረስ ነበር። አሁን ስለ አንድ ማሊያ ይጨቃጨቃሉ። እኔም ከሽማግሌው ጋር ተያያዝኩ። ጀንበር ጠልቃ ለመግሪብ አዛን ሊባል ሲል ስልኬ ጮኸ፤ አሊ ነው።

«የት ቀረሽ? ጨዋታው አላለቀም እንዴ?»

«አልቋል። ጭቅጭቅ ላይ ነኝ።»

«ከማን ጋር?» አለ ደንግጦ።

«ከሐይቅ ሕዝብ ጋር።»

ጩኸቱንና ሳቁን አዳመጠ።

«ደግ ነው» አለኝ። «ጨርሰሽ ነይ።»